እትዬ አልጋነሽን ማውጣት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18፣ ከኮሌጅ መልስ

አሁንም አልሠራም። ያው ስህተት፣ ያው ቀይ ጽሑፍ። ላፕቶፑን በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኛል። የኮሌጁ ባይሆን።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። የእማዬን የሚካኤል ማኅበር የተራ ዝርዝር ስልክ ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ኮርሱ ላይ በተማርነው የስሞች ሰንሰለት። እያንዳንዱ ስም የሚያውቀው ከሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው። ልክ እንደ ጽዋው፦ የደገሰችው ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ያኔ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። አሁን ወ/ሮ ፀሐይ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪዋ ማለት ነው፣ እትዬ አልጋነሽን ዲሊት አድርጊያቸው አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

አደረግኩ። የእትዬ አልጋነሽ ስም ጠፋ። ከሳቸው በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ጠፋ። እማዬም! ወ/ሮ ፀሐይ በስልክ ሳቁብኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ማኅበሩን በተንሽው እኮ!» እማዬም አብራ ሳቀች።   ደግነቱ ኮፒ ነበረኝ፣ መለስኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20፣ ባስ ላይ

ገባኝ! ዝም ብዬ ቆርጬ ነበር። መጀመሪያ ከፊት ያለውን ስም ከኋላ ካለው ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ መሃሉን መልቀቅ። ከፊት ወ/ሮ ፀሐይ፣ ከኋላ እማዬ። አያያዝኳቸው። ሠራ። እትዬ አልጋነሽ ወጡ፣ ክፍተት እንኳን የለም። ጭራሽ ያልነበሩ ይመስላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሴቭ አላደረግኩትም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

እማዬን ለምን እንደሚያስወጧቸው ጠየቅኳት። እትዬ አልጋነሽ የኬኒንግተኑን ፍላት ቤታቸውን ለቀው ሃርልስደን ሰፈር አንዲት ክፍል ገብተዋል። ኪችኑ የጋራ ነው። መደገስ አይችሉም፣ እንዳይሳቀቁ ብለን ነው አለች። ነግራችኋቸዋል? አልኳት። ድስቱን ማማሰል ጀመረች።

እንዳይሳቀቁ! ይሄ ቃል አንጀቴን አሳረረው። ማኅበር ላይ ሁሉም ለምን አትጫወቺም፣ አማርኛ አትችይም እንዴ እያሉ ሲያፋጥጡኝ፣ አጠገባቸው ቦታ የሚለቁልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ተዋት እናንተ፣ ስትፈልግ ታወራለች» ብለው። እሳቸውን ነው በኔ እጅ የሚያስወጡት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 23፣ አርችዌይ፣ የወ/ሮ ፀሐይ ሽንት ቤት

በሩን ቆልፌያለሁ። ስልኬ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ጸሎቱ አልቋል፣ ጽዋው ሊተላለፍ ነው። እትዬ አልጋነሽ መጥተዋል! ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጽዋውን እንደሚረከቡ ነው የሚያውቁት።

ወ/ሮ ፀሐይ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። ጨረስሽ? አሉኝ። ከዚያ በጆሮዬ፦ «ተረኛዋን አንቺ ከስልኩ አንብቢው፣ የኔ ቆንጆ። ከኛ አፍ አይውጣ።»

ለካ ለዚህ ነው! ሰው አላወጣቸውም፣ ስልኩ ነው ያወጣቸው ሊሉ። እኔና ስልኩ። ሁለታችንም አንናገርማ።

  ማውጣቱን ችዬዋለሁ፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው። አልነካም። ተራው የሳቸው፣ ድግሱ እኛ ቤት ይሁን፣ ኪችን አለን። ይህንንም እዚያው ሁሉም ፊት እላለሁ። እማዬ ከፈለገች ትቆጣ።

እየተንኳኳ ነው። «የት ገባች ይቺ ልጅ?»

ወጣሁ። የእትዬ አልጋነሽን ስም ጮክ ብዬ ነው የማነበው።