ከአውቶብሱ ያልወረደው መሐረብ

ውድ አለቃ፣

በስምህ ልጠራህ አልፈለግኩም። ያኔ ትምህርት ቤት ሳለን ሁላችንም «አለቃ» ነበር የምንልህ። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ መጥተህም ራስህን በዚሁ ማዕረግ ስለጠራህ፣ አሁንም የሚያኮራህ ይመስለኛል። ማመልከቻህ ደርሶኛል። አራት የፊደል ግድፈት አለበት፤ በቀይ አርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ግን ታነባለህ።

አላወቅከኝም። ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብለህ «መምህር፣ እርስዎ» እያልክ ለመንከኝ። አልፈርድብህም፤ ፀጉሬ አልቋል፣ መነጽሬም ወፍራም ነው። እኔ ግን ስምህን ሳልሰማ አወቅኩህ። ማመልከቻው ላይ ከመፈረምህ በፊት የእስክሪብቶውን ጫፍ በምላስህ ነካ አደረግከው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተውከውም።

አምስተኛ ክፍል ነበርን። ከአገር አገር የሚዞረው የእመቤታችን ሥዕል እንደ አሁኑ ለሁለት ቀን ካቴድራሉ ሊያርፍ መጣና፣ መነኩሲቷ አስተማሪያችን ሲስተር ክፍላችንን ይዘው ሊሄዱ ሆነ። ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ልጅ መሐረብ ያምጣ ተባለ። ሥዕሉ ያለበትን መስተዋት አስነክቶ ለታማሚው ይመልሳል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን መርገጥ ካቃታት ሁለት ወር አልፏት ነበር፤ ሦስት ደረጃ ስትወጣ እንኳ ግድግዳ ትደገፋለች። ከሸሚዝ ትራፊ መሐረብ ቆርጣ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠርዙን በእጇ ቀመቀመችው። «መሀሉን አስነካው፤ ዳር ዳሩን እንዳይሆን» አለችኝ። የምለምንላትንም ቃል በቃል አስጠናችኝ።

ያን ዕለት ጠዋት አንተ ሰሌዳው ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብለህ ጻፍክ። እጄን አውጥቼ አረምኩህ፤ ክፍሉም ሳቀብህ። ዛሬም ቢሆን ሃምሳ ስድስት ነው።

አውቶብሱ ሊነሣ ሲል ሲስተር አንድ ወረቀት ሰጡህ። የሚረብሽ ልጅ ስሙ ይጻፋል፣ ስሙ የተጻፈ ከአውቶብስ አይወርድም አሉን። እኔ ሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። እናቴ ያስጠናችኝ እንዳይጠፋብኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እደግመው ነበር። ድምፅ አልነበረውም። አንተ ዞር ብለህ አየኸኝ፣ እስክሪብቶውን ላስ አደረግክና ጻፍክ።

ሦስተኛ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የተጻፉት ሁለቱ ከልባቸው ነበር ሲያወሩ የነበሩት። አንደኛው አዲስ ማስመሪያውን ሰጠህና ሰረዝከው። እኔ ማስመሪያ አልነበረኝም። ወንበር ለወንበር ተሹለክልኬ መጥቼ በጆሮህ «ሰርዘኝ፣ እናቴ ታማለች» አልኩህ።

«ዛሬ የሁሉም እናት ታማለች» አልከኝ። ከኋላህ ያሉት ሳቁ። ጠዋት ባንተ የሳቁት ናቸው፤ ሒሳቡ ተወራርዶ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።

አላለቀም። ካቴድራሉ ስንደርስ መሐረቤን ይዞልኝ እንዲገባ አንድ ልጅ ለመንኩ። ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አንተን አየና እጁን ኪሱ ከተተ። አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ጋዜጣ ያነባል፣ አብሮኝ የተቀጣው ልጅ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። በመስኮቱ ሰልፉን አየው ነበር። ከፊት ያለኸው አንተ ነህ፤ ወረቀቱ በእጅህ ነው።

ማታ እናቴ ትራሷን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«አስነካኸው?»

«አስነካሁት።»

«መሀሉን?»

«መሀሉን።»

ሳመችውና ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እዚያው ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ አስነክቶልኛል» እያለች አውጥታ ታሳይ ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ውኃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ። ስትሞት አብሯት ተቀበረ።

እንዳታጣምመው ጠንቅቄ ልንገርህ። ካደግኩ በኋላ የሐኪሞቹን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ልቧ መሐረብ የሚጠግነው አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ መስተዋት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ አውቃለሁ። ስለዚህ እናቴን ገደልክ አልልህም። የምልህ ይኸው ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት እናቴን ቀና ብዬ ዐይኗን እንዳላይ አደረግከኝ። ያን የምትመልስበት መንገድ የለህም።

ደግሞም ማክሰኞ ዕለት ልተውልህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤትህ ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት፣ ካቴድራሉ በቡድን ያልተመዘገበ ሰው እንደማያስገባ፣ እኔ የማስተባብረው የትምህርት ቤታችን ቡድን ምዝገባም ከተዘጋ በኋላ እንደሰማህ ነገርከኝ። መሐረቧን በላስቲክ ጠቅልለህ በደረት ኪስህ ይዘኸው ነበር። «አንድ ስም ብቻ እኮ ነው መምህር። አንድ ስም መጻፍ ምን ይከብዳል?» አልከኝ።

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ወንበር አልጠፋም ነበር። እግረ መንገዴን፣ ሥዕሉ በፊት የመጣ ጊዜ እዚህ ነበርክ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ምናልባት አንድ ነገር ትላለህ ብዬ ነው።

«እንዴታ፣ የክፍል አለቃ ነበርኩ እኮ» አልክ፤ ፊትህ ወዲያው በራ። «ረባሾቹን አውቶብስ ውስጥ ትተናቸው ነው የገባነው። አንዱማ መሐረቡን ታቅፎ ሲነፋረቅ ትዝ ይለኛል። ያኔ ሥነ ሥርዓት ነበር መምህር።» እና ሳቅክ።

የእስክሪብቶዬን ክዳን መልሼ ገጠምኩ። አስቤበት በደብዳቤ እንደማሳውቅህ ነገርኩህ። አስቤበታለሁ።

መልሱ ይኸውልህ። አውቶብሱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ይነሣል። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ያንተ ነው። ካቴድራሉ ስንደርስ ሁሉም ይወርዳል፤ አንተ አትወርድም። ወደ ሥዕሉ የሚገቡት ሰዎች ዝርዝር እኔ ዘንድ ነው፣ ስምህ የለበትም። ለሹፌሩም ነግሬዋለሁ። ሲስተር ካረፉ ቆይተዋል፤ አቤት የምትልበት ሰው የለም።

የባለቤትህን መሐረብ እኔ ይዤው እገባለሁ። እሷ ምንም አላደረገችኝም። መሀሉን አስነካዋለሁ፣ ዳር ዳሩን አይደለም። ስመለስ አጣጥፌ በእጅህ አስረክብሃለሁ። ሳስነካው ግን አታይም። የምትይዘው ቃሌን ብቻ ነው። እናቴም የያዘችው ቃሌን ብቻ ነበር።

ከዚያ ቤትህ ትገባለህ። ትራሷን ተደግፋ ትጠብቅሃለች፤ «አስነካኸው?» ትልሃለች። አስነካሁት ብትላት ዋሽተሃታል። ሌላ ሰው ነው ያስነካልኝ ብትላት፣ አንተስ የት ነበርክ ትልሃለች፤ ያን ጊዜ ከማስመሪያው ጀምረህ ትነግራታለህ። ሦስተኛ መልስ ካለ እኔ አላውቀውም። አርባ ሁለት ዓመት ፈልጌዋለሁ።

ካልፈለግክ መቅረት ትችላለህ፤ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። እስከ ዐርብ ቀትር አሳውቀኝ። በጽሑፍ ይሁን፤ ከመላክህ በፊትም አንዴ አንብበው።

በወረቀትህ ላይ ሦስተኛው