ያልተሰበሩት ማረሻዎች

ይድረስ ለእታለም አምለሰት፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽ ንብረትስ ደህና ነው? ልጅሽ ምሕረትስ ትምህርቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች? እኛ ለክፉ አንሰጥም። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ እሑድ እሑድ በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። አባባም ደህና ናቸው፤ ዘንድሮም ራሴ ካላረስኩ ብለው የሚመልሳቸው ጠፋ።

ኔትወርክ ከተቋረጠ ስለሰነበተ በእጄ ጻፍኩልሽ። የአጎታችን ልጅ ሰብሊ ሐሙስ ለሕክምና አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ እዚያ ስትደርስ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። እዚያ ጀርመን ያሉትን ፕሮፌሰርሽን ለምነሽ ያስያዝሽልኝ የዶክትሬት ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እሳቸው አልበደሉኝም። ቦታው የተያዘልኝ ጽሑፌ ይታተማል ተብሎ ነበር፤ ጽሑፉን እንዳይታተም ያነሳሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ጥናቴ ስለ ማረሻ መሆኑን ታውቂያለሽ። የእኛ አገር አንጥረኞች ማረሻ የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ጎማው ላይ ጭነቱን ከሚሸከመው ብረት ነው፤ አንዳንዱ ታዲያ ገና በመጀመሪያው ክረምት አንገቱ ላይ ቅንጥስ ይላል። ለምን እንደሚሰበር ነበር ጥያቄዬ። ከሽንዲና ከቡሬ ሃያ ሁለት የተሰበሩ ማረሻዎች ሰብስቤ፣ ስብራታቸውን አጽድቼ፣ ቆርጬ ጥንካሬያቸውን ለካሁ። ሁሉም ከሚገባው በላይ ጠንክረው አገኘኋቸው። አንጥረኞቹ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ በድንገት እየነከሩ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርጉታል ብዬ ጻፍኩ። ጆርናሉም ተቀበለው፤ ጥቂት ናሙና ጨምር ብቻ አሉኝ። የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረጌም በዚሁ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከሃያ ሁለቱ አንዱ የአባባ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ለጤፍ ሲያርሱ ተሰብሮባቸው፣ አንጥረኛው ሀብተሚካኤል ብረት አያውቅም ብለው በየማኅበሩ ተናገሩ። የአባባ ቃል እንደሚሰማ ታውቂያለሽ፤ የሰፈሩ ገበሬ ግማሹ ሌላ አንጥረኛ ዘንድ መሄድ ጀመረ። የእኔ ጽሑፍ ያንኑ ሐሜት በእንግሊዝኛና በቁጥር የደገመ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩትም።

የካቲት ላይ ተጨማሪ ናሙና ፍለጋ እዚያው አቶ ሀብተሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለሚያውቁ ቀዝቀዝ ብለው ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ወናፍ ይነፋሉ። ብረቱን ምን እንደማደርገው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እጃቸውን ከወናፉ ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ያልተሰበረውንስ ወስደህ አይተኸዋል?» አሉኝ።

እንዳላየሁ ነገርኳቸው። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም እያልኩ ተማሪ ሳስተምር ሦስት ዓመቴ ነው። ያው እጅ፣ ያው እሳት፣ ያው ውሃ የሠራቸው ሆነው አምስት ዓመት ያረሱ ማረሻዎች እንዳሉ እሳቸው ነገሩኝ። በእሳቸው ዋስትና ከጎረቤት ስምንት ተዋስኩ፤ ከቤታቸው ጓሮ ደግሞ ማንም ያልነካቸው ዘጠኝ ስባሪዎች ወሰድኩ።

ቤተ ሙከራ ገብቼ ስለካቸው፣ ያልተሰበሩትም ልክ እንደተሰበሩት ጠንካሮች ናቸው። ስለዚህ ያልኩት ምክንያት ምክንያት አልነበረም። ከዘጠኙ ስባሪዎች በሰባቱ ላይ፣ ከስብራቱ ገጽ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ጠቁሯል፤ የቀረው ያበራል። የጠቆረው አሮጌ ስንጥቅ ነው። ባሌስትራው መኪና ላይ ሳለ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁን እንደያዘ እሳት ገብቶ ውስጡ ጠቁሯል። የፊተኞቹ ሃያ ሁለቱ ላይስ? ዝገት መስሎኝ በብረት ብሩሽ ፈትጌ አንስቼዋለሁ። ማስረጃውን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው።

የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። ሄጄ ስነግራቸው፣ ይኼኛው ይውጣና በሚቀጥለው ታርመዋለህ፣ ሁሉም ያደገው እንዲህ ነው አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የማዕረጉን ፎርም እስከ መሙላት ደርሼ ነበር። ከዚያ ጽሑፉን እንደገና ሳገላብጥ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ብረቱን በጉጠት ይዘው ውሃ ውስጥ ሲነክሩ የአቶ ሀብተሚካኤል እጅ ይታያል። ከሥሩ «የአሠራር ጉድለት» ብዬ ጽፌበታለሁ። በማግስቱ ጽሑፉ እንዲነሳልኝ ለአዘጋጁ ጻፍኩ። በሁለት መስመር አመሰገኑኝ። ጽሑፉ መነሳቱን ለፕሮፌሰርሽም አሳወቅኩ፤ ከሳምንት በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚገልጽ መልእክታቸው ደረሰኝ።

ለአባባ የነገርኳቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ስንጥቁ ከመጀመሪያው ብረቱ ውስጥ የነበረ ለመሆኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያ ሰው አምቻለሁ» አሉ። ቅዳሜ ብቻቸውን ወደ አቶ ሀብተሚካኤል ሄዱ። የተባባሉትን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሚቀጥለው ማኅበር ግን ጠላው ሳይቀዳ ተነሥተው፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት ስህተት ነው ብለው በሰው ፊት እንደተናገሩ እማዬ ነግራኛለች።

እኔም አሁን ለእረፍት ስመጣ እትዬ ታንጉትን አንድ ነገር አሳየኋቸው። ባሌስትራውን በላምባ ማሸት፣ ደህና አድርጎ መጥረግ፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ። ስንጥቅ ካለበት ላምባው ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ባለፈው ሳምንት ከአሥራ ሁለት ብረት አራቱን ባሌስትራ ለሚሸጥላቸው ነጋዴ መለሱለት። ሰውየው ተቆጥቶ ሄዷል። ዘንድሮ የሚሰበረው ይቀንስ አይቀንስ የሚታወቀው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ቆጥሬ እጽፈዋለሁ። ከዘጠኙ በቀሩት ሁለት ስባሪዎች ላይ ግን ምንም ጥቁር አላገኘሁም፤ ለምን እንደተሰበሩ እስካሁን አላውቅም።

ይቆጭሃል ወይ ብትይኝ ይቆጨኛል። ሻንጣ ሳይቀር ገዝቼ ነበር። ያንቺንም ፊት አሳፍሬያለሁ፤ ለዚህ ይቅር በይኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ፕሮፌሰርሽ ስለ እኔ ቢያነሱ፣ ሐሳቡን ቀየረ አትበያቸው። ተሳስቶ ነበር፣ ስህተቱንም አወቀ በያቸው።

ንብረትን በያለበት ሰላም በይልኝ። ምሕረትን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አማርኛዋን እንዳትረሳ ንገሪያት። እማዬ በወገብሽ ከባድ እንዳታነሺ ትልሻለች። አባባ ይመርቁሻል፤ ጻፍልኝ ያሉት ይኼንኑ ብቻ ነው።

አክባሪ ወንድምሽ
እንዳለው ገብረሰንበት
ሽንዲ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.