የሚያውቀኝ ሰው ደብዳቤ

ማርች 4
ጠዋት ላብራቶሪ፣ ከሰዓት ክሊኒክ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።
በመሀል አማካሪዋ ኮርትኒ ጋ ገባሁ። ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻዬ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የባዮሎጂ መምህሬና የክሊኒኩ ሐኪም እሺ ብለውኛል። የቀረው ከኬሚስትሪ ነው። ሚስ ታቫሬስን ልጠይቅ አልኳት፤ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ሳልዘዋወር ሁለት ዓመት ያስተማሩኝን።
ፈገግ አለች። "የሁለት ዓመት ኮሌጅ ደብዳቤ ፋይልሽን ያሳንሰዋል። ከእኛው ሰው ፈልጊ።"
ያሳንሰዋል... እዚያ የተማርኩት ሌላ ኬሚስትሪ ነው እንዴ? ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። ለምን እሺ አልኩ?

ማርች 11
ከእነሱው ከማን? ከመጣሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። የኬሚስትሪ ክፍላችን አራት መቶ ሰው ነው። ፈተናዬን የሚያርመው የፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ረዳት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው እዚህ ያሉት ልጆች የፕሮፌሰሩ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል፤ እሳቸውም በስም ይጠሯቸዋል። እኔን መንገድ ላይ ቢያገኙኝ አያውቁኝም።

ማርች 19
ሃልቮርሰን ቢሮ ደጃፍ አርባ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ውጤቴን ኮምፒውተር ላይ አዩና "እሺ፣ እጽፍልሻለሁ። ስለ ራስሽ አንድ ገጽ ላኪልኝ" አሉ። በቃ። ቀና ብለውም አላዩኝ።
እውነቱን ለመጻፍ... በጣም ደስ አለኝ።
እማ ታዲያ ሰውየው ያውቁሻል ወይ አለችኝ። ትልቅ ስም አላቸው አልኳት።
"እኔ የጠየቅሁሽ እሱን ነው?"

ኤፕሪል 2
ደብዳቤውን የማንበብ መብቴን ትቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሁሉም ይፈርማል፤ ካልፈረምሽ ደብዳቤው አይታመንም ይላሉ። ስለ እኔ የተጻፈ፣ እኔ ብቻ የማላነበው። ወይ ጉድ።

ሜይ 9
ኮርትኒ ጠራችኝ። የሃልቮርሰን ደብዳቤ ደርሷል። ይዘቱን ልትነግረኝ አትችልም፤ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ "ትንሽ የስም ስህተት" አለ። የማን ስም? በሩን ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ብራድሊ" አለች።
ብራድሊ! የሌላ ልጅ ደብዳቤ ላዩን ቀይረው ላኩልኝ። ያቺን አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል... አንብበዋት ይሆን? የት ያነቧታል።
ኢሜይል ጻፊላቸው፣ ያስተካክሉታል አለች ኮርትኒ። ምኑን ነው የሚያስተካክሉት? ስሙ ቢነሳ ደብዳቤው ስለ ብራድሊ መሆኑ ይቀራል?
ጻፍኩላቸው ግን። በትሕትና። "ይቅርታ ላስቸግርዎ" ብዬ። እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው!

ሜይ 10
ከሁሉም በላይ የምታናድደኝ እኔው ነኝ።

ሜይ 14
በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል። የድሮው ኮሌጄ። ሚስ ታቫሬስ የላብራቶሪ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፣ ብራድሊንም ጭምር። አልሳቁም።
"መጀመሪያ እኔን ያልጠየቅሽኝ ለምንድን ነው?"
መዋሸት እችል ነበር። "አፍሬ ነው" አልኩ። "በኮሌጁ... በእርስዎም።"
ውሃውን ዘጉት። እጃቸውን ሲያደርቁ ቆዩ። ምነው ምድር በዋጠችኝ ብያለሁ።
"ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ተነስተሽ ያረምሽኝ አንቺ ነሽ። እሱን እጽፋለሁ። ዛሬ ያልሽኝንም እጽፋለሁ። የምታውቂኝ ከሆነ፣ ግማሽ አልጽፍም። ካልፈለግሽ አሁን ተናገሪ።"
"ይጻፉት" አልኩ።

ሜይ 27
የሚስ ታቫሬስ ደብዳቤ ደርሷል። ይህንንም እንዳላነብ ፈርሜያለሁ። ያንን አፍሬ ነው ያልኩትን እንዴት ጽፈውት ይሆን? እንቅልፍ ነሳኝ።

ጁን 3
ሃልቮርሰን ስሙን አስተካክለው መልሰው ልከዋል። ኮርትኒ ደስ ብሏታል። የእሳቸውን እናስገባ፣ የታቫሬስ ይቅር፣ ስማቸው ብቻውን በር ይከፍታል አለችኝ።
የሃልቮርሰንን አውጪው አልኳት።
"እርግጠኛ ነሽ? ትምህርት ቤቶቹ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ እኮ።"
ይችላሉ። ማመልከቻውን እዚያው እፊቷ ላክሁት።
እምቢ ካሉኝም፣ እኔን አውቀው ይበሉኝ።