ልጄ ከድልድዩ ሥር ለምን ገባ

የካቲት 9

ጠዋት የልጄን የሥራ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ጉልበቱ ላይ ያለው ግራሶ አልለቅ ብሎኝ ደጋግሜ ፈተግሁት። ሲመጣ እቆጣዋለሁ ብዬ... በሩ ተንኳኳ። እነ ልጄ የሚሠሩት ድልድይ ኃላፊ ነው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር። ኮፍያውን አወለቀ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። በገዛ ቤቴ። ያኔ ገባኝ።

ድልድዩ ሲፈተሽ ብረት ወድቆበት ነው አለ። «በሥራው ኮርቶ፣ ከሥሩ እንደቆመ ነው ያረፈው።»

ልብሱ እስካሁን ገመዱ ላይ ነው። ማን ያውርደው?

የካቲት 11

ቀበርነው። ሳጥኑ ላይ ባንዲራ ነበር። ማን አመጣው? እኔን የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 15

እንቅልፍ የለም። አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ።

እነሱ ልማድ አላቸው። በአዲስ ድልድይ ላይ የመጀመሪያው የተጫነ መኪና ሲያልፍ፣ የሠሩት ሰዎች ከሥሩ ይቆማሉ። ሥራችንን እናምነዋለን ማለታቸው ነው። ልጄም በፊት በሠሯቸው ሥር ቆሟል፤ እየሳቀ ነው የነገረኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን አልሳቀም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «እማዬ፣ በዚህኛው ሥር ማንም መቆም የለበትም። ለሀገር ቀን በዓል ይድረስ ብለው አጣደፉት» አለኝ።

ታዲያ እንዴት ቆመ? ኃላፊው ዋሽቶኛል? ወይስ ልጄን አስፈራርተውት...

የካቲት 18

በያጁ ዛሬም መጣ። የልጄ የሥራ ጓደኛ ነው፣ ብረት የሚበይደው። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረም። ውኃ ይቀዳልኛል፤ የበሩን ማጠፊያ አበጀልኝ። እህል ግን አይቀምስም። በልጄ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ዓይኔንም አያይም።

እህቴ «የተባረከ ልጅ ነው» ትላለች። እኔ እንጃ። ሰው ያልበላውን ቦታ አያክም።

የካቲት 20

ኃላፊው ተመለሰ። ለሀገር ቀን ድልድዩ አጠገብ ለልጄ የመታሰቢያ ድንጋይ እናቆምለታለን አለ። የሚቀረጸውን አነበበልኝ። «በድልድያችን አምኖ፣ ሳያጉረመርም ለሀገሩ የቆመ።»

«እርስዎም ሁለት ቃል ይናገራሉ። ልጄን ለሀገሬ ሰጠሁ ቢሉ ይበቃል» አለኝ።

«ሰጠሁ? ወሰዳችሁት እንጂ።»

ፈገግ አለ፣ እንደ ቀልድ ቆጥሮት። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከወጣ በኋላ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘንሽ አንሶሽ ጠላት ትገዢያለሽ?» አለችኝ።

ሳያጉረመርም... የኔ ልጅ? ምግብ ጨው ሲበዛበት እንኳ ዝም የማይለው?

የካቲት 23

በያጁን ያዝኩት። በሩ ላይ ቆሜ «ወይ ትበላለህ፣ ወይ ትናገራለህ» አልኩት።

የያዘውን የውኃ ጀሪካን አስቀመጠ። ከዚያ አወጣው። ከፍተሻው በፊት ስብሰባ ነበር። ልጄ ተነሥቶ «ብየዳው አልተመረመረም፣ ከሥሩ ማንም አይቁም» አለ። ኃላፊው «የሀገርን ሥራ የማያምን ሀገሩን አይወድም» ብሎ መለሰለት። አዳራሹ በጭብጨባ ሞላ።

«አንተስ?»

«እኔም አጨበጨብኩ፣ እማማ።»

በማግስቱ ሁሉም ከሥሩ ቆሙ፣ በያጁም። ልጄ ርቆ ቆመ። ፈሪ እያሉ ሳቁበት። መኪናው መሐል ሲደርስ ብረቱ ጮኸ። የሳቁት ወደ ውጭ ሮጡ፤ እሱ ወደ ውስጥ። በያጁ እግሩ ከድቶት ደርቆ ቀርቶ ነበር። ልጄ ገፍትሮ አወጣው። ራሱ አልወጣም።

«ምን አለህ?»

«‹ውጣ፣ አንተ ደንቆሮ!› ነው ያለኝ።»

ሳቅ አመለጠኝ። የሱ አፍ ነው፣ የሱው ቃል። ከዚያ አለቀስኩ።

ይህንንስ ልመን? ግን ዋሽቶ ምን ያገኛል? ያዋረደው ራሱን ነው። ሳህኑን ወደሱ ገፋሁለት። ቀመሰ።

ለልጄ ሀገር ማለት እነዚያ ከሥሩ የቆሙት ሰዎች ነበሩ መሰለኝ። የሚስቁበትም ጭምር።

የካቲት 26

እህቴ «ተናገሪ ያሉሽን ተናግረሽ ነይ» ትላለች። ለማን ፈርታ ነው? ለኔ ወይስ ለራሷ?

መጋቢት 1

የሀገር ቀን። ድንጋዩ በባንዲራ ተሸፍኗል። ኃላፊው ተናገረ፣ ተጨበጨበ። በያጁን ፈለግሁት። እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። አጠገቡ ያለው አየውና እሱም እጁን አወረደ።

ተጠራሁ። ማይኩን ተቀበልኩ።

«ይህ ባንዲራ የኔም ነው፣ የልጄም ነበር» አልኩ። «ልጄ ግን ድልድዩን አላመነም። አትቁሙ አላችሁ። አጨብጭባችሁ አስቀመጣችሁት። ከዚያ ሊያወጣችሁ ገባ። ይህንን ጻፉለት፤ አለዚያ ስሙን ከድንጋዩ አንሱልኝ።»

ኃላፊው ማይኩን ከእጄ ወሰደ። የሰማ ሰምቷል። ማንም አላጨበጨበም... እንደዚያ ዝምታ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ስንመለስ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። አልጎሸመችኝም። የሥራ ልብሱን ከገመዱ አውርጄ ለበያጁ ሰጠሁት። ግራሶው አልለቀቀም።

ድንጋዩን ያስተካክሉት ይሆን? አላምናቸውም። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት። ለራሴ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እኔ ሳልፍ ግን ማንም ያንብበው። ያነበብከው ሰው፣ ማንም ሁን፣ ልጄን ነፍስ ይማር በልልኝ። ስለሱ ጸልይልኝ፤ ከሥሩ ለቆሙትም። ዝም ብሎ ሞተ ግን አትበል።