መስኮቱን ስለለገሰው ባለቤቴ

ለክቡር የምርጫ ዘመቻ ገቢ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የቢሮዎ መስኮትስ እንዴት ነው? መስኮቱን የጠየቅሁት ለወግ ያህል አይደለም። ባለፈው ሳምንት ደጃፍዎ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስቀመጥ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከጀርባዎ የሚገባውን ብርሃን አየሁት። ሰፊ ነው። ያቆይልዎ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ስለዋለ፣ አልጋውን ፎቅ ላይ ባለው መስኮት ሥር አደረግንለት፤ መስኮቱ የአውቶቡስ ማዞሪያውን ያሳያል። እዚያ ተኝቶ ሾፌሮቹን ሲቆጣጠር ይውል ነበር። «አሁን ይኼ ማርሽ ይቀይራል ወይስ ድንጋይ ይፈልጣል?» ይላል። ሐኪሙ የቀሩት ጥቂት ወራት እንደሆኑ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። እነዚያን ወራት ከመስኮቱ ጋር እንዲያሳልፋቸው ነበር ሐሳባችን። ሐሳባችን አልኩ። የእኔ ነበር።

የአስተያየት መስጫ ቅጻችሁ ላይ እንደታዘዝኩት ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። የስልክ መስመር የሚጠግኑ መሰሉኝ። ደጃችን ተዳፋት ስለሆነ መሰላሉ ሲወዛወዝ አየሁና፣ ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ያዝኩላቸው። ሲወርዱ ሸራ ላይ የታተመ የአንድ የምርጫ እጩ ፊት ከጣሪያ እስከ ወለል ቤታችንን ሸፍኖት ነበር፤ መስኮቱንም ጭምር። አንዱ ፎቶ አንስቶን ኖሯል። ፎቶው ዛሬ በመዝገብዎ ውስጥ «የባለንብረቱ ሚስት ለስጦታው አካላዊ ድጋፍ ሲሰጡ» ከሚል መግለጫ ጋር ተያይዟል። በሕይወቴ እንዲህ አምሮብኝ የተነሳሁት ፎቶ የለም።

፪. የእጩው ቢሮ «ደጋፊዎች በራሳቸው ተነሳሽነት የሰቀሉት ነው» ሲለኝ፣ ሕግ አለ ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። ፍጥነታችሁን መካድ አልችልም፤ መርማሪው በማግስቱ ሜትር ይዞ ደረሰ። ጨለማውን ሳይሆን ሸራውን ለካ። አሥራ ስምንት ካሬ ሜትር፣ በዋና መንገድ የማስታወቂያ ዋጋ ሲተመን፣ አንድ ዜጋ ለእጩ ሊሰጥ ከሚፈቀድለት ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የቤቱ ካርታ በባለቤቴ ስም ስለሆነ በዓይነት የለገሰው እሱ ነው ተባለ። ምርመራው እስኪያልቅ ሸራውን መንካት ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ ያስቀጣል፣ ያሳስራል። «እማማ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልነካውም» አለኝ፣ የሰጠሁትን ውኃ እየጠጣ። መልካም ሰው ነው።

፫. ሸራው እንዲወርድ ለጋሹ በአካል ቀርቦ «የመለገስ ሐሳብ አልነበረኝም» ብሎ መፈረም አለበት ተባልኩ። መነሳት እንደማይችል ባስረዳ፣ ሰባት ቁጥር መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «እንግዲያው ሲሻላቸው ይምጡ» አለችኝ። ከልቤ አመሰግናለሁ። ይሻለዋል ብሎ ያሰበ መሥሪያ ቤት የእናንተ ብቻ ነው።

፬. በራፋችሁ ላይ በተለጠፈው የለጋሾች ዝርዝር የባለቤቴ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቤታችን ቁጥር በጉልህ ተጽፏል። ከእሱ በላይ ባለው መስመር አርባ መኪና ከነነዳጁ የሰጡት ሰው «አንድ በጎ ፈቃደኛ» ተብለው ታልፈዋል። ትሕትና በዚህ ዘመን መጠጊያ ማግኘቱ ያስደስታል።

፭. ይኼ ከየትኛው ቁጥር ሥር እንደሚገባ አላውቅም። ሸራው ነፋስ እንዲያሳልፍ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ብርሃን በእነዚያ ይገባል፤ ነጠብጣብ ነው። አልጋው ልክ ከእጩው ጥርስ ጀርባ ስለነበር፣ ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት «አፉ ውስጥ'ኮ ነው የተኛሁት፤ ሊያዛጋ ሲል ንገሪኝ» ብሎ አሳቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት መቀለዱን ተወ። የፍሬን ድምፅ ሲሰማ «ዘገየ አይደል?» ይለኛል። «በሰዓቱ ነው» እለዋለሁ። በእኔ ቃል ሁሉም በሰዓቱ ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ «ዘገየ» አላልኩትም፤ እንደዋሸሁት ያወቀ ይመስለኛል።

መቀስ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ከመሳቢያው አወጣዋለሁ። ብታሰር ማን ያገላብጠዋል፣ ማን ያጥበዋል እላለሁ። መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ጠዋት። ለዚህ እርስዎን አልወቅስም፤ መቀሱ በእኔ እጅ ነበር። ዝም ብሎ ይወቁት ብዬ ነው።

፮. በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አምፖል እንደበራ አረፈ። በአርባ አንደኛው ቀን ሸራው እንዲወርድ ያቀረብነው ማመልከቻ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤያችሁ ደረሰን። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ስመጣ፣ ባልደረቦችዎ ነፍስ ይማር ካሉኝ በኋላ፣ ከገደብ ያለፈው ልገሳ ተጠያቂነት ወደ ወራሽ እንደሚተላለፍ አስረዱኝ። ስለዚህ ዛሬ የእጩው ደጋፊ እኔ ነኝ፤ በውርስ። እጩው ማሸነፋቸውንም ሰምቻለሁ። ድሉ የቤተሰባችንም ነው።

ለሸራው ካሬ ሜትር ላሳያችሁት ጥንቃቄ፣ ለታማሚ ላሳያችሁት ትዕግሥት፣ ለባለ አርባ መኪናው ላሳያችሁት ጨዋነት እጅ እየነሳሁ፣ ቤትዎ ብርሃን እንዳያጣ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
በመሰላሉ ፎቶ ላይ የሚታዩት ሴትዮ

ማሳሰቢያ፦ የለጋሾቹን ዝርዝር ደግሜ ሳየው፣ የመጨረሻው ዓምድ «የልገሳው ምክንያት» ይላል። ሌሎቹ «በዓላማው በማመን»፣ «ለአገር ካለኝ ፍቅር» ብለው ሞልተዋል። የባለቤቴ ባዶ ነው፤ ሕጋችሁ ደግሞ ባዶ ቦታ መተው ይከለክላል። እባክዎ፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ «መነሳት ስላልቻለ» ብለው ያስሞሉልኝ።