ላፕቶፑ ያወቀብኝ ምስጢር

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008

ዛሬ ጉድ ልሆን ነበር። የእሁዱን መዝሙር ግጥም ከኢንተርኔት ልቀዳ የቤተ ክርስቲያናችንን ቢሮ ላፕቶፕ ስከፍት፣ ከግጥሙ ጎን የሕፃን ጫማ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ከሥሩ የነፍሰ ጡር ቀሚስ። ሽማግሌያችን ጋሽ ተሾመ ደብዳቤ ሊፈርሙልኝ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ፈረሙ፣ ወጡ። አይተው ይሆን?

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቤት ኢንተርኔት ስለሌለን ስለ እርግዝናዬ ያሳሰበኝን ሁሉ የምፈልገው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። ሦስት ወር አልፎኛል። አምስት ወር እስኪሞላ ለማንም ላንናገር ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ተስማምተናል። የፊተኞቹ ሁለቱ ሲጨነግፉብኝ ምእመኑ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሊያጽናናኝ ለሚመጣው ሁሉ እንደ አዲስ መናገሩ ከሐዘኑ ባሰብኝ። ሦስተኛ አልችልም።

እሁድ ደግሞ ግጥሙን ለምእመኑ ለማሳየት ይኸው ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር ይገናኛል። ያኔ ሁሉም ነገር ግድግዳ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

የከፈትኳቸውን ገጾች ዝርዝር፣ ሂስትሪውን፣ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ። ተገላገልኩ ብዬ ገጹን ስከፍት ጫማው ቁጭ ብሏል። ትናንት ስለ ወገብ ሕመም ስላነበብኩ ዛሬ የነፍሰ ጡር ትራስ ጨምረውልኛል። እናቴ እንኳ እንዲህ አልተከታተለችኝም።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፦ ቢሯችን ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ አይደርሰውም። ጠዋት ጠዋት ከግቢው ቧንቧ ጀሪካን ሞልቼ ደረጃውን የማወጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ስደርስ ሞልቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው አበራ ይሆናል። ተመስገን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ላፕቶፑን ይዤ ወሰን ሰፈር ወረድኩ፣ ቶሎሳ ጋ። ኮምፒውተር ይጠግናል፣ እሁድ እሁድ ኪቦርድ ይጫወትልናል። ምን ብዬ ልንገረው? «ማስታወቂያ በዛብን» አልኩት። ከፈተ፣ አየ፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሂስትሪ ስታጠፊ አንቺ የሄድሽበትን ረሳሽ እንጂ እነሱ አልረሱሽም። ኩኪ የሚባል ምልክት ትተውብሻል» አለኝ። ምልክቱን ጠረገ። በዘጋሁት ቁጥር ሁሉን የሚረሳ ሌላ የኢንተርኔት መክፈቻ (ብሮውዘር) ጫነ፣ ማስታወቂያንና የሚከታተሉኝን የሚያግድም ጨመረበት። እስኪከፈት ሻይ ጠጥቼ የምጠብቀው ገጽ አሁን ወዲያው ይከፈታል!

ከእንግዲህ ማንም አያየኝም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ሙሉ በሙሉ መደበቅ የለም። ሰው ፊት ግን ማስታወቂያው እየተከተለ አያሳጣሽም። እሁድ ኮምፒውተሩ አጠገብ ነኝ፣ አይዞሽ» አለኝ። አይዞሽ የሚያሰኘው ምን ገብቶት ነው? ምንም አልጠየቀኝም። ዕድሜ ይስጠው።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ጀሪካኑ ዛሬም ወጥቷል። ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ቀን አልተሸከምኩም። እሁድ ለአበራ ዳቦ ልግዛለት።

እሁድ፣ ኅዳር 12

መዝሙሩ ሲጀመር የግርማን እጅ ጨምቄ ይዤ ነበር። ግድግዳው ላይ ግጥሙ ብቻ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። እያለቀስኩ ዘመርኩ። ሰው መንፈስ የነካኝ መስሎታል፣ ይሁን፣ እሱም ውሸት አይደለም።

ስንወጣ ዳቦውን ለአበራ ሰጠሁት። ግራ ገባው። «እኔ መች አወጣሁ? ጋሽ ተሾመ ናቸው። ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። እንዳትነግራት ብለውኝ ነበር» አለኝ።

ጋሽ ተሾመ እኮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሰኞ አይተዋል ማለት ነው።

በሩ ላይ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ ውሃው...» ስል፣ «የምን ውሃ?» አሉኝና በቀበና በኩል ቁልቁለቱን ወረዱ።

ግርማ «እንግዲህ ከቶሎሳ ጋር ሁለት ሰው አወቀብን» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፣ ግን ጭራሽ ቀለል አለኝ። ሐሙስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። አሁንም እፈራለሁ።

ነገ ማልጄ ገብቼ ትልቁን ጀሪካን በትንሽ ጀሪካን እቀይረዋለሁ። ለጉልበታቸው ይሻላል።