ጋብሮ ብዬ የፈረምኩት ድንጋይ

ጥር 16
ቢሮ ዋልኩ። ናሙና ላይ ቁጥር መለጠፍ፣ ካርታ ማስተካከል... ነገ መስክ ነው። አለቃዬ ዶክተር ዳኘው፣ «ጥቁሩን ድንጋይ አይተሽ ነይ፤ የድንጋይ ካባ የሚከፍተው ባለሀብት ቸኩሏል» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ቡሬ አምጥተው ሥራ ያስያዙኝም እሳቸው።

ጥር 17
ድንጋዩ የወይዘሮ አልጣሽን የበርበሬ ማሳ ለሁለት ከፍሎ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሰብሬ በማጉያ አየሁት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ቅንጣቱ ደቃቅ። ዶለራይት ነው። ጋብሮ ከሚባለው ድንጋይ ጋር ማዕድናቸው አንድ ነው። ግን ጋብሮ ጥልቅ ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቱ ያለ ማጉያ ይታያል። ይኸኛው ቀልጦ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቶሎ የበረደ ነው። ስፋቱን ለካሁ... ዘጠኝ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ቀይ አፈር።
ወይዘሮ አልጣሽ ማሳው ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።
«ልጄ፣ አርባ አባወራ ይነሳል አሉን። ይኸ ሁሉ ከሥሩ ድንጋይ ነው?»
«አይደለም፣ እማማ።»
«እኛማ የውኃ ጉድጓድ ስንቆፍር አላገኘነም።»

ጥር 22
ሪፖርቱን አስገባሁ። ዶለራይት፣ ዘጠኝ ሜትር።

ጥር 24
ተመልሶ መጣ። «ጋብሮ» ተብሏል። ጋብሮ ስለሆነ ከሥር ሰፊ ክምችት አለ፣ ኮረብታው በሙሉ ለካባው ይከለል ይላል። ከታች የእኔ ስም! ዶክተር ዳኘው ቢሮ ገባሁ። ብርቱካን እየላጡ ነው።
«ዶክተር፣ ቅንጣቱ እኮ...»
«ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ከተወለወሉ በኋላ ማን ይለያቸዋል?»
ተማሪ ሳለሁ ሁለቱን ባምታታ ክፍል ፊት ያዋረዱኝ እሳቸው አልነበሩም? ጭማቂው በጣታቸው መሀል ይወርዳል፣ ይልሱታል። ቀፈፈኝ። ቶሎ ልውጣ ብዬ ፈረምኩ።
ለዚህ ብቻ ነው የፈረምኩት? አይደለም። ፈርቼ ነው።

ጥር 25
ስሜን ራሱ ጠላሁት።

የካቲት 3
ቀበሌ ስብሰባ። ዶክተር ዳኘው በጣታቸው ጠቆሙኝ። «ባለሙያዋ ናት፤ ጋብሮ መሆኑን አረጋግጣለች።» ያቺ የምትላስ ጣት...
ወይዘሮ አልጣሽ ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም። «አንች ነሽ ያልሽው?» ብቻ።
ተነሳሁ።
«እኔ ያገኘሁት ዶለራይት ነው። ስፋቱ ዘጠኝ ሜትር ብቻ። ማሳችሁ ሥር ድንጋይ የለም። ጋብሮ በሚለው ላይ ፈርቼ ነው የፈረምኩት።»
ከኋላ መሪጌታ ባምላኩ፣ የደብሩ መምህር፣ ቀስ ብለው፣ «ፈርታ ያሰረችውን ደፍራ ፈታችው» አሉ። «እንግዲህ ይቆፈርና ይታይ።»
ዶክተር በመኪናቸው ጥለውኝ ሄዱ። በእግሬ እስከ አስፋልቱ... ለእሳቸው ካለኝ ጥላቻ ለራሴ ያለኝ ባሰ። አሥር ቀን ሙሉ ምን አፌን ዘጋው?

የካቲት 14
ሦስት ቦታ ተቆፈረ። ቀይ አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ቀይ አፈር።
የስንብት ደብዳቤም ደረሰኝ።

መጋቢት 2
ማስነሳቱ ቀርቷል። ወይዘሮ አልጣሽ ለበርበሬ ችግኝ መደብ እያዘጋጁ ነው አሉ።
ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ከዶክተር ዳኘው ጋር ተገናኘን። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፈገግ።
«ሥራ ስትፈልጊ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁሻል። ልጻፍልሽ?»
«ምን ብለው?»
«ታማኝ ናት ብዬ።»
እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ...
«አይጻፉልኝ» አልኩ።
ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። «አይ» ስላቸው ይኸ ሁለተኛዬ ነው።